የመገጭን ውሃ ለአሳው እንዴት እንጠብቀው፦ ከቀሃ ቦይ እስከ ጣና አፍ

ይሄን የምጽፈው መገጭ ዳር ላሉ የመስኖ ተጠቃሚዎች፣ ለወጣት ማህበራትና ለትምህርት ቤት ክበቦች ነው፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ቀሃና አንገረብ ወንዝ ዳር ለምንኖረው ለጎንደር ከተማ ሰዎች። ብዙ ሰው ወንዙን የደምቢያ ገበሬና የጣና አስጋሪ ጉዳይ አርጎ ነው የሚያየው። እንደዛ አይደለም። ቀሃም አንገረብም ዞረው ዞረው መገጭ ነው የሚገቡት፣ መገጭ ደሞ ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል፣ ስለዚ ጎንደር ላይ ቦይ ውስጥ የደፋነው ነገር ጣና ዳር መረብ የሚጥለው ሰው ጋ ይደርሳል። በጥምቀት የፋሲለደስ መዋኛ የሚሞላው እኮ በዚሁ በቀሃ ውሃ ነው፣ አንድ ቀን የምንጠመቅበትን ወንዝ ሌላውን ቀን ሁሉ የቆሻሻ መጣያ ማድረጋችን በጣም ያመኛል።

ነገሩ ለምን አሳሳቢ እንደሆነ ባጭሩ ልበል። ጣና ውስጥ ነጭ አሳ እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው ከ15 የማያንሱ አይነት ናቸው፣ አብዛኞቹ ከጣና ውጪ በአለም ላይ የትም የሉም። ከነሱ ውስጥ የተወሰኑት ክረምት ላይ ሃይቁን ትተው እንቁላል ለመጣል ሽቅብ ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፣ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል አባይ፣ መገጭም አለበት። ጠጠሩ ንፁህ ውሃውም የሚተነፈስ ካልሆነ እንቁላሉ እዛው ይቀራል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ግን ምዝገባው ብቻውን ገባር ወንዞቹን አያጸዳም።

መጀመሪያ፦ አሳውን ምን እንደሚገድለው እንወቅ

አሳ ሲሞት ሁላችንም "ተመረዘ" ነው የምንለው። መርዝ አለ፣ እመጣበታለሁ። ግን ወንዝ ላይ አሳን ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው የኦክስጅን እጥረት ነው። የጠላና የአረቄ አተላ፣ የቄራ ደም፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የገበያ የበሰበሰ አትክልት ውሃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ እየበላ ደሞ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። አሳው ምንም መርዝ ሳይነካው ይሞታል።

እኛ ጋ ደሞ ከፍታው አለ። በባህር ወለል ላይ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ ቢበዛ በሊትር 9 ሚሊግራም አካባቢ ኦክስጅን ይይዛል፣ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ያው ውሃ 7 ቢይዝ ነው። አሳ ተመችቶት ለመኖር ከ5 በላይ ይፈልጋል። ስለዚ የኛ ወንዝ ምንም ሳይበከልም ትርፉ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው ማለት ነው፣ ዝቅ ያለ አገር ያለ ወንዝ የሚችለውን ቆሻሻ የኛ አይችልም። ውሃው በሞቀ ቁጥር ደሞ የሚይዘው ይቀንሳል፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሃይ ጥላ በሌለው ወንዝ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ከዚህ በኋላ ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይሄን 2 ሚሊግራም ለማትረፍ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ወንዙን በእግር ሂዱበት

በበጋ፣ ውሃው ሲቀንስ፣ የናንተን ድርሻ ከታች ወደ ላይ በእግር ሂዱ። ከታች ወደ ላይ ያልኩት ችግር ስታዩ ምንጩን ተከትላችሁ እንድትደርሱበት ነው። ደብተር ያዙ፣ ስልካችሁ ሎኬሽን ካለው እሱም ይበቃል። የምትመዘግቡት ቦይ የሚገባበትን፣ ልብስ የሚታጠብበትን፣ መኪናና ባጃጅ የሚታጠብበትን፣ ፓምፕ የተተከለበትን፣ አሸዋ የሚወጣበትን፣ ከብት የሚጠጣበትን፣ ደሞ ጥልቅ ኩሬ የሆነበትን ቦታ ነው። ኩሬዎቹን አትርሱ፣ በጋ ላይ አሳው የሚሸሸግባቸው እነሱ ናቸው።

ስትሄዱ አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። አባቶች ድሮ አሳ የት ይያዝ እንደነበር፣ የትኛው ኩሬ በጋ ከክረምት አይደርቅም ይባል እንደነበር ያውቃሉ፣ ይሄ ማንም ላብራቶሪ ውስጥ የለም።

ከዛ 3 ወይም 4 ቋሚ መለኪያ ቦታ ምረጡ፦ አንዱ ከከተማው በላይ፣ አንዱ የከተማው ቦዮች ከገቡ በኋላ፣ አንዱ ከመስኖው በታች፣ ከቻላችሁ አንዱ ወንዙ ጣና ሊገባ ሲል። ከከተማ በላይ ያለው ቦታ የግድ ነው፣ እሱ ከሌለ የታችኛውን ቁጥር ከምን ጋር ታወዳድሩታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ለኩ፣ ሰዓቱ ደሞ ወሳኝ ነው

ብዙ ክበብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ረፋድ ላይ፣ ሁሉም ቁርሱን በልቶ ሲመች ይሄዱና ይለካሉ፣ ቁጥሩ ጥሩ ይወጣል፣ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። ውሃ ውስጥ ያለ አልጌ ቀን ፀሃይ እያገኘ ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ግን እሱም ራሱ ይተነፍሳል። ስለዚ ውሃው በጣም የሚታፈነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንዴ በአንድ ቀን ለኩ። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት በጣም ሰፊ ከሆነ ወንዙ ማዳበሪያ በዝቶበታል ማለት ነው፣ የከተማ ፍሳሽ ወይ የማሳ ዩሪያ እየገባ አልጌውን እያፋፋው ነው።

የኦክስጅን ሜትር ካገኛችሁ ከመለካታችሁ በፊት የቦታውን ከፍታ አስገቡለት፣ ካልሆነ ቁጥሩ ይዋሻችኋል። ሜትር ከሌለ ጠብታ ያለው የኦክስጅን መመርመሪያ ኪት አለ፣ ለኛ ስራ በቂ ነው። ናሙና ቀድታችሁ ከተማ ወስዳችሁ ኦክስጅን ለመለካት አትሞክሩ፣ መንገድ ላይ ይቀየራል፣ እዛው ወንዙ ዳር ነው የሚለካው።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ከ5 በላይ ጥሩ። ከ3 እስከ 5 አሳው አለ ግን ተጨንቋል፣ አይበላም፣ አያድግም፣ በሽታ በቀላሉ ይይዘዋል። ከ2 በታች ነጭ አሳ አይቆይም። አምባዛ ግን ከአየር ላይ የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው እዛም ይኖራል፣ ስለዚ "ኧረ አሳ አለ እኮ" ሲሏችሁ የትኛው አሳ ብላችሁ ጠይቁ፣ አምባዛ ብቻ የቀረበት ወንዝ የታመመ ወንዝ ነው።

ፒኤች፣ ማለት የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ በወረቀት ስትሪፕ ይለካል፣ ከ6.5 እስከ 8.5 መሃል ከሆነ አትጨነቁ። ከ9 ካለፈ ግን ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱም ከሽንትና ከፍሳሽ የሚመጣው አሞኒያ በፒኤች 7 ላይ ከመቶ አንድ እንኳን የማይሞላው ነው መርዛም መልክ የሚይዘው፣ በፒኤች 9 ላይ ግን ሲሶው አካባቢ መርዛም ይሆናል። የሳሙና ውሃም፣ የበዛ አልጌም ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፉታል። ያው አሞኒያ ጠዋት ምንም ሳያደርግ ከሰዓት አሳ ሊገድል የሚችለው ለዚህ ነው።

ድፍርስነትን በሃይላንድ መለካት ይቻላል። ሌብሉ የተላጠ የ2 ሊትር ሃይላንድ ሙሉ፣ ሳትነቀንቁ አሳድሩት፣ ጠዋት ስሩ ላይ የተኛውን ደለል በማስመሪያ ለኩ። ሁሌ አንድ አይነት ሃይላንድ ተጠቀሙ፣ ያኔ ሳምንትን ከሳምንት ቦታን ከቦታ ማወዳደር ትችላላችሁ። ደለል የአሳውን ስንጥብ፣ ማለት የሚተነፍስበትን አካል፣ ይደፍናል፣ ጠጠር መሃል ያለውን እንቁላል ደሞ ይቀብረዋል።

ምንም መሳሪያ ለሌለው ሰው ከሁሉ የምወደው ዘዴ ድንጋይ መገልበጥ ነው። ውሃው እየተንኳኳ ከሚፈስበት ቦታ ጭብጥ የሚያክሉ ድንጋዮች አንሱና ነጭ ሳፋ ውስጥ እጠቧቸው፣ የሚንቀሳቀሰውን እዩ። ጅራቷ ላይ 3 ቀጫጭን ክር ያላት ነፍሳት ካለች፣ ወይ ከአሸዋና ከጭራሮ ለራሷ ቤት ሰርታ የምትሄድ ትል ካለች ውሃው ይተነፈሳል። ቀይ ቀጭን ትልና አልቅት ብቻ ከሆነ ውሃው ከታፈነ ቆይቷል። የኦክስጅን ሜትር የለካበትን ደቂቃ ብቻ ነው የሚነግራችሁ፣ እነዚህ ነፍሳት ግን እዛው ለሳምንታት የኖሩ ናቸው፣ ሌሊት ተለቆ ያለፈ ቆሻሻም አያመልጣቸውም። ለተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ደረጃ 3፦ ከከተማው የሚመጣውን መቁረጥ

ከባዱ ይሄ ነው፣ ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትጀምሩ። በመጀመሪያ ኦክስጅን በሚበላው ጀምሩ።

አተላ፦ ጠላና አረቄ የሚያወጡ እናቶች አተላውን ቦይ ውስጥ እንዳይደፉ በርሜል አስቀምጡላቸውና ከብት ካላቸው ሰዎች ጋር አገናኟቸው። አተላ መኖ ነው፣ ፈላጊ አለው። ይሄን በዕድር በኩል ማድረግ ከሁሉም ይቀላል፣ ደብዳቤ አያስፈልገውም።

ደም፦ በበዓል ሰሞን ሰፈር ውስጥ የሚታረደው ብዙ ነው፣ የፋሲካ ደሞ ወንዙ በጣም በቀነሰበት ሰዓት ይመጣል። ደም ኦክስጅን በመጨረስ የሚወዳደረው የለም። ጉድጓድ ቆፍሮ አፈር ማልበስ ብቻ ነው የሚፈለገው፣ ከወንዙ ራቅ አርጎ።

ልብስ እጥበት፦ ወንዝ ዳር ልብስ አጥበው የሚያድሩ ሰዎችን አታባርሩ፣ እባካችሁ። ከወንዙ 30 ሜትር ያህል ገባ ብሎ ጠፍጣፋ ድንጋይና ሳፋ የሚቀመጥበት ቦታ አዘጋጁላቸው፣ ውሃው በሃይላንድ ወይ በጄሪካን ይወጣል፣ የሳሙናው ውሃ ሳር ባለበት አፈር ላይ ይደፋል። ሳሙና የአሳውን ስንጥብ ነው የሚያቃጥለው፣ አፈር ውስጥ ሲገባ ግን ይበሰብሳል።

ላቫጆ፦ የዘይትና የደለል ማጥመጃ ጉድጓድ ሳይኖረው ወደ ቦይ የሚለቅ ላቫጆ መኖር የለበትም። ቀላሉ አሰራር ሁለት ተከታታይ ገንዳ ነው፣ በመጀመሪያው ደለሉ ይተኛል፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ቱቦ ወደ ታች የታጠፈ ይሁን፣ ዘይቱ ላይ ይንሳፈፍና ይቀራል። ዘይቱ በየጊዜው ካልተቀዳ ግን ገንዳው መኖሩ ጥቅም የለውም።

የመስረጊያ ጉድጓድ የምትቆፍሩ ከሆነ ከወንዝም ከውሃ ጉድጓድም ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ፣ በድንጋይና በጠጠር ሙሉት። ዋልካ አፈር ላይ ግን አትድከሙ፣ ደምቢያ ውስጥ ብዙው ቦታ ዋልካ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ አያሰርግም፣ ሞልቶ ይፈሳል። እዛ የሚሻለው ጠጠር የተሞላ ረጅም ቦይ ሰርቶ ፊላ መትከል ነው፣ ፍሳሹ በፊላው ስር መሃል ቀስ እያለ ሲያልፍ ይጣራል።

ደረጃ 4፦ ማሳው

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ የሚረጩት የነፍሳት መድሃኒቶች፣ በተለይ እንደ ሳይፐርሜትሪንና ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያሉት፣ ለሰው ያን ያህል ባያስፈሩም ለአሳ በጣም በጥቂቱ ገዳይ ናቸው፣ የሚለኩት በማይክሮግራም ነው። ስለዚ መርጫውን ወንዝ ውስጥ ማጠብ ክልክል ነው በሉ፣ በመንደሩ ህግ። መርጫው 3 ጊዜ በትንሽ በትንሽ ውሃ ይታጠብ፣ እጣቢው እዛው የተረጨው ማሳ ላይ ይረጭ፣ ባዶ ጠርሙሱ ተበስቶ ይቀመጥ እንጂ ወንዝ አይጣል፣ ለውሃ መቅጃም አይሁን። ዝናብ ሊመጣ ሲል አትርጩ፣ ገንዘቡም መድሃኒቱም ወንዝ ነው የሚገባው።

ወንዙ ዳር ቢያንስ 10 ሜትር ሳይታረስ ይቆይ። መሬት ለጠበበው ገበሬ ይሄ ከባድ ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስለዚ ባዶውን ተወው አትበሉት፣ የሚጠቅመውን ይትከልበት፦ ዝሆኔ ሳር ለከብቱ፣ ቬቲቨር ለደለሉ፣ ዳሩ ላይ ደሞ ሾላ፣ ዶቅማ፣ አኻያ። ጥላው ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን ይይዛል። ባህር ዛፍ ግን ወንዝ ዳር አይሁን።

ስለ ብርብራ ደሞ በግልጽ እንነጋገር። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ኩሬ ውስጥ ሲጨመር አሳው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፣ ድሮም የነበረ ነገር ነው። ውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባለው ነገር አሳው ኦክስጅን ቢያገኝም ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ትልቁን አሳ ለመያዝ ተብሎ ጫጩቱም፣ እንቁላል የያዘችውም፣ የሚመገቡት ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ። ለዚህ ስብሰባ ሲደረግ ሽማግሌዎቹን በወንጀል አትጀምሩባቸው፣ በኩሬው ጀምሩ፣ ከተመረዘ በኋላ ያ ኩሬ ስንት ዘመን ባዶ እንደሆነ እነሱው ይነግሯችኋል።

ደረጃ 5፦ ውሃው ራሱ እንዳያልቅ

ከየካቲት እስከ ግንቦት ፓምፑ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲነሳ ወንዙ ይቆረጣል፣ ኩሬዎቹ ብቻ ይቀራሉ፣ እነሱም ይሞቃሉ። በዚህ ላይ ሁዳዴ ይመጣል፣ አሳ ተፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ ነው፣ ስለዚ አሳው በጣም በተጨነቀበት ወቅት በጣም ይጠመዳል። የውሃ አባቶች ተራ ሲያወጡ ሁለት ነገር እንዲጨምሩ ጠይቁ፦ ሁሉም ፓምፕ ባንድ ቀን እንዳይሰራ፣ ደሞ ከተለዩት ጥልቅ ኩሬዎች ማንም እንዳይስብ፣ መረብም እንዳይጣልባቸው።

ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ በጋውን ሙሉ ቦይ ውስጥ የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ሌሊት ወንዝ ይገባል። የቦይ ጠረጋ ግንቦት ሳያልቅ ማለቅ ያለበት ለዚህ ነው፣ የተጠረገውም ቦዩ አፍ ላይ ተቆልሎ መቅረት የለበትም፣ ያው ተመልሶ ይገባል።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ አሳው ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ከጠጠራማው የወንዝ ወለል አሸዋና ጠጠር አይውጣ፣ የወንዙ አፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር መረብ አይዘርጋ። ሌላውን ሁሉ ማድረግ ባትችሉ ይቺን ብቻ አድርጉ፣ እንቁላል የያዘ አሳ ወንዙ አፍ ላይ ካለቀ ላይ ያለው ንፁህ ውሃ ለማን ነው።

እምቦጭም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ሲታወቅ በሰሜኑ በኩል፣ ወደ መገጭ መግቢያ አካባቢ ነው የታየው። የሚፋፋው እኛ በምንልከው ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው፣ ከስሩ ያለውን ውሃም ጥላ ሆኖበት ኦክስጅን ያሳጣዋል። ስትነቅሉት ከውሃው ዳር አርቃችሁ አድርቁት፣ ዳር ላይ ከበሰበሰ ጭማቂው ተመልሶ ይገባል። ፍሬው ጭቃ ውስጥ ለብዙ አመታት ስለሚቆይ የተነቀለበት ቦታ በየአመቱ መታየት አለበት።

አሳ ሞቶ ከተገኘ

መጀመሪያ ማንም እንዳይበላውና እንዳይሸጠው አድርጉ። ከዛ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሚታየውን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። ሊነጋጋ ሲል አሳው ውሃው ላይ አፉን እየከፈተ ከታየ፣ ትልልቆቹ ቀድመው ከሞቱ፣ አምባዛው ግን ደህና ከሆነ የኦክስጅን ችግር ነው። በጠራራ ፀሃይ፣ ድንገት፣ ትንንሾቹ ቀድመው ከሞቱ፣ ድንጋይ ስር ያሉት ነፍሳትም ከረገፉ መርዝ ጠርጥሩ።

የኦክስጅን ከሆነ በላይ ያሉትን ፓምፖች ባስቸኳይ አስቁሙ፣ የሚገባውን ፍሳሽ ዝጉ፣ ላይ ላይ የተገደበ የመስኖ ውሃ ካለ እንዲለቀቅ ለምኑ።

ናሙና ከሞተበት ቦታና ከሱ በላይ ካለ ደህና ቦታ ቅዱ። መርዝ ከጠረጠራችሁ የመስታወት ጠርሙስ ይሁን፣ በዛው ውሃ 3 ጊዜ አለቅልቁት፣ አየር ሳይቀር እስከ አፉ ሙሉት፣ በረዶ ላይ ከብርሃን ሸፍናችሁ ያዙት። አሳ የምትወስዱ ከሆነ አይኑ ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ ገና ቀይ የሆነውን ምረጡ፣ በፎይል ጠቅልላችሁ በረዶ ላይ አድርጉት፣ የሸተተ አሳ ምንም አይናገርም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከጥንቱ የጤና ኮሌጅነቱ ጀምሮ ሳኒታሪያን፣ ማለት የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ሲያሰለጥን የኖረ ነው፣ መጀመሪያ እዛ ጠይቁ፣ ባሕር ዳር ደሞ የአሳ ምርምር ማዕከል አለ። አደጋ ሳይደርስ ቀድማችሁ ብትተዋወቋቸው ያን ቀን ስልክ ፍለጋ አትባዝኑም።

ከዛ ማመልከቻ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚበክል አካል ላይ ለክልሉ የአካባቢ መስሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይ ውሳኔው ካላረካችሁ ከዛ ጀምሮ ባለው 60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ፣ የለካችሁትን ቁጥርና ፎቶውን አያይዙ፣ አንደኛው ኮፒ ላይ የገባበትን ቀን አስጽፋችሁ ማህተም አስደርጉበት፣ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዛ ነው።